ላንድሮቨሯ የተወለደችበት ቀን

መጋቢት 4፣ 2017፤ ሐሙስ

ከዲጋ ሦስት ሰዎች መጡ። በጤና ሥራ ላይ እያሉ ለሞቱ ሰዎች የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ ነው፤ ሰኔ 21 ይመረቃል። በዚያ ቀን የአባባ ላንድሮቨር ከድንጋዩ አጠገብ እንድትቆም ፈልገዋል።

አባባ ይህን ሲሰማ ኮቱን አምጪልኝ አለ። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለእንግዳ ኮት መልበስ ከተወ ቆይቷል። ግቢ ወርዶ ሸራውን ራሱ ገፈፈና ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጋት። «በ1952 ነው ከአዲስ አበባ ያመጣኋት፤ ወባ ማጥፊያ ስሠራ። አዲስ ነበረች፤ የመቀመጫዋ ሽታ ዛሬም አለ አፍንጫዬ ላይ» አላቸው። መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግዳት በ1969 እሱ ገዛት። ከዚያ ወዲህ ከግቢያችን ወጥታ አላደረችም።

ኮራሁ። ሁልጊዜም እኮራባታለሁ። በነቀምቴ በዕድሜ የምትበልጣት፣ አሁንም በራሷ ሞተር የምትሄድ መኪና አላውቅም።

ከሦስቱ አንዱ የኮሚቴው ጸሐፊ እስክንድር ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ አስተማሪ። ሊብሬዋን ተቀብሎ አገላበጠና ቀስ ብሎ «እትዬ አዜብ፣ የተሠራችበት ዘመን በፈረንጅ 1968 ይላል» አለኝ።

በእኛ 1960 ማለት ነው። አባባ ካለው ስምንት ዓመት ይዘገያል።

አባባ ጎማዋን ማየት ጀመረ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላወቅኩም።

መጋቢት 7፤ እሑድ

ጂሬኛ ከጸሎት ሲወጣ ጎራ አለ። ከእኔ ዐሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ አናጢ ነው፤ የቤታችን በሮች ሁሉ የእሱ እጅ ናቸው። «አዜቤ፣ የአባቴን ስም ከዝርዝሩ አወጡት» አለኝ።

ነገሩን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው። አባቱ ጋሩማ ወባ ማጥፊያ ውስጥ መድኃኒት ረጪ ነበር፤ አባባ ደግሞ ሾፌር። ነሐሴ 14 ቀን 1954 ከዲጋ በታች ያለውን ወንዝ በዚህችው ላንድሮቨር ሲሻገሩ ጎማዋን ጭቃ ያዘው። ከኋላ የወባ ክኒን ጭነዋል፤ ማዶ ያለው መንደር ሰው ሁሉ ታሞ ተኝቷል። ጋሩማ ገመድ ይዞ ማዶ ዋኘና ከዛፍ ጋር አሰረው፤ መኪናዋ በፊት መጎተቻዋ ገመዱን እየጠቀለለች ወጣች። አንድ ሳጥን ክኒን ግን ወድቆ ድንጋይ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሊያመጣው ተመለሰ። ሳጥኑን ወደ ዳር ወረወረው፤ እሱን ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም።

ያየው አባባ ብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላ «ጋሩማን አሶሳ ገበያ ላይ አየሁት፤ ሌላ ሚስት አግብቷል» የሚል ወሬ መጣ። ወሬው ሥር ሰደደ። ሚስቱ አደ ሜቲ ያን ጊዜ ጂሬኛን ታጠባ ነበር። ሞቷል ብላ ለቅሶ አልተቀመጠች፤ ትቶኛል ብላ ሌላ አላገባች። ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዲጋ ትኖራለች።

እስክንድር የሚለው ይህን ነው። በፈረንጅ 1968 የተሠራች መኪና በእኛ 1954 ወንዝ አትሻገርም። ምስክሩ ስለ መኪናዋ ከተሳሳተ ስለ ሰውየውስ ምን ዋስትና አለ?

ልክ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሊብሬ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው የሠራሁት፤ በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚሁ እል ነበር። ብያለሁም። በ1996 ጂሬኛ ይህንኑ ጉዳይ ለሽማግሌዎች አቅርቦ ሊብሬዋ ስትታይ «አባባ ዘመን ይቀላቅላል» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አባባ እዚያው ነበር። አልመለሰልኝም።

መጋቢት 12

ቸኩያለሁ። ሻይ ቤት ከኋላዬ የሰማሁት፦ «ሽማግሌው መኪናዋን ሳትወለድ ነው የነዳት።» ሳቁ። ዞሬ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ።

መጋቢት 16፤ ማክሰኞ

ሱአድ መላ አመጣች። ግቢያችን የተከራየች የደሴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «እትዬ አዜብ፣ እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን በመዝገብ ይዘዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ልከን እንጠይቃቸው» አለች። ኢንተርኔት ላይ አሳየችኝ። እንግሊዝ አገር የእያንዳንዷ ላንድሮቨር ልደት የተጻፈበት መዝገብ ቤት አለ። በእጅ የተጻፈ ትልልቅ መዝገብ። ሥዕሉን ሳይ ልቤ ሞቀ፤ የሥራ ባልደረቦቼን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ቁጥሩን ከሊብሬዋ ገለበጠች። ስትገለብጥ «ይህን የጻፈው ሰው እጁ እንዴት ያምራል! አሁን እንዲህ የሚጽፍ የለም» አለች።

ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ። ሊብሬዋ በ1986 የተቀየረች ናት፤ አሮጌዎቹ ሁሉ የተቀየሩበት ዓመት ነው። እዚያ ክፍል ብዙ ጸሐፊ ነበረ።

ደብዳቤው ተላከ።

ሚያዝያ 8፤ ረቡዕ፣ ሕማማት

መልስ መጣ። «በዚህ ቁጥር የተሠራ መኪና የለንም። አንድ አኃዝ የጎደለ ይመስላል፤ እባክዎ ከራሷ ከመኪናዋ ላይ ያረጋግጡ» ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነው። የማያውቁትን እናውቃለን አላሉም። እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ይከበራል።

አኃዝ የጎደለው ሊብሬዋ ላይ ነው ማለት ነው። ጸሐፊው ቸኩሎ ይሆናል።

ሚያዝያ 15፤ ረቡዕ

ላንድሮቨሯን ጨለለቂ ሰፈር፣ ቀነአ ጋራዥ ወሰድናት። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው የቁጥር ሰሌዳ በእጅ ብዛት ተልጧል። ቀነአ ግን «አደ አዜብ፣ የዚች ቁጥር ሻንሲዋ ላይም ተቀጥቅጧል» ብሎ ከቀኙ የፊት ባሌስትራ አጠገብ በጀርባው ተኛ። የስልሳ ዓመት ጭቃና ግሪስ ነው ያለው። በላምባ አራሰው፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፤ እንደገና አራሰው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መፍቻ እያቀበለው ነበር፤ ቀነአ ከመጠየቁ በፊት።

በመጨረሻ ቀነአ ኖራ አሸበት። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። እኔ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ሱአድ ጻፈች። ዘጠኝ አኃዝ። ሊብሬዋ ላይ ስምንት ነው፤ መሀል ላይ አንድ ዜሮ የለም።

ቀሚሴ በግሪስ ተበላሸ። ምንም አልመሰለኝም። ብረት አይቀላቅልም፤ ብረት ለማንም አያዳላም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ቀና ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እንደገና ተላከ።

ሚያዝያ 28

አባባ ያስለዋል። ምሳ ላይ «ሊብሬዋን ለምን ትነካኪያታለሽ? መኪናዋን ራሷን ወስደሽ አቁሚያት፤ ይበቃል» አለኝ።

«ጋሩማስ?»

የሊብሬዋ ነገር ሲነሣ ፊቱን ያዞራል። ያፍራል መሰለኝ። ዘመን መቀላቀሉን ያውቀው ይሆን?

ግንቦት 7፤ ሐሙስ

እስክንድር ደወለ። ዝርዝሩ ሰኔ 7 ይዘጋል። የፋብሪካው ወረቀት ቢመጣ እንኳ ከሊብሬዋ ጋር ስለሚጋጭ፣ ሊብሬዋ ለምን 1968 እንዳለች የሚያስረዳ ነገር ከማህደሯ ካልተገኘ ኮሚቴው አይቀበልም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ስለማይፋቅ ነው» አለ።

ማህደሯ እኛው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ነገ እወርዳለሁ።

ግንቦት 8

ሥራ በዛ። አልወረድኩም።

ግንቦት 11

ዛሬም።

ግንቦት 14፤ ሐሙስ

ወረድኩ።

ማህደሯ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ በተራዋ። ያንን መደርደሪያ ያደራጀሁት እኔ ስለሆንኩ ዐይኔን ጨፍኜም አገኛታለሁ። ከፈትኳት። የአሮጌዋ ሊብሬ ቅጂ ከላይ ነው። የተሠራችበት ዘመን፣ በላቲን ፊደል በታይፕ፦ 1960። ከሥሩ የአዲሷ ሊብሬ ቅጽ፤ በብዕር የተሞላ። ኅዳጉ ላይ በቀጭን እርሳስ የተሠራች አንዲት ሒሳብ አለች። 1960፣ ከሥሩ ሲደመር 8፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ በታች 1968።

የስምንቷ ራስ እንደ ክር ታጥፏል። ስምንትን እንደዚያ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

በእኛ የተጻፈ መስሎኝ ወደ ፈረንጅ መለስኩት። 1960 ግን ቀድሞውኑ በፈረንጅ ነበር። በእኛ 1952። አባባ ዕድሜ ልኩን ያለው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዬ፤ ሙከራ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት መቶ አርባ ሊብሬ ጻፍኩና በአንደኛነት ተመሰገንኩ። ዜሮዋንም የዘለልኳት እኔ ነኝ፤ ቅጂው ላይ ዘጠኝ አኃዝ ቁልጭ ብሎ አለ።

ምድር ቤት ወንበር የለም። ማህደሮቹ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ ዘመን ይቀላቅላል።» ያልኩት እኔ። የቀላቀልኩት እኔ።

ግንቦት 15፤ ዓርብ

ሥራ ሳልገባ ነገርኩት። ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ቅጂውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ ስህተቱ የኔ ነው። ስምንት ዓመት የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አላየም። «አውቃለሁ» አለ።

«መቼ አወቅክ?»

«የሰጠሽኝ ዕለት። ከመሥሪያ ቤትሽ ደጃፍ ሳልርቅ አነበብኩት። ልመለስ ዞሬ ነበር። አለቃሽ በር ላይ ቆሞ ‹ልጅህ ጎበዝ ናት፣ ሙከራዋን ስትጨርስ እንቀጥራታለን› አለኝ። እንዴት ብዬ ልመለስ?»

«ኋላስ? በ1996 ቋሚ ነበርኩ።»

«ኋላ ደግሞ ልጆች ነበሩሽ። ኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ። ሰው ከቆየ በኋላ እውነት ሲናገር ለምን ቆየህ ይባላል።» ሳለ። ብዙ ሳለ። «እኔን ውሸታም ቢሉኝ ምን እሆናለሁ? ሾፌር ሁልጊዜ ያወራል ይሉታል። ሜቲን ነው ያልቻልኩት። ዲጋ ባለፍኩ ቁጥር በሌላ መንገድ ነው የምዞር።»

እሱ ለኔ ሲል ሠላሳ አንድ ዓመት ቀልደኛ ሲባል ኖረ። አደ ሜቲም ለኔ ሲባል ጠበቀች፤ እሷ ግን ማንም አልጠየቃትም። በአባባ ልኮራ ይገባኛል ወይስ ልቆጣው? ሁለቱንም ነኝ።

ግንቦት 28፤ ሐሙስ

መጣ። ሱአድ ከግቢው በር ጀምራ እየሮጠች ገባች። ማህተም አለበት።

ፋብሪካ ውስጥ ተሠርታ ያለቀችበት ቀን፦ በፈረንጅ ጥር ወር 12 ቀን 1960። ቀለም ግራጫ። መድረሻ አዲስ አበባ።

በእኛ ጥር 3 ቀን 1952። ይህችን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ሠራኋት፤ ከዚያ ለሱአድ ሰጠሁና እሷም ሠራች። ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ግራጫ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ጥር ነው እንዴ? እኔ ጋ ሚያዝያ ነው የደረሰች። እንግዲህ ሦስት ወር ባሕር ላይ ነበረች።» እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ታናሿ ልጄ የተመረቀች ጊዜ ነው።

የአባቴ ቃል በፋብሪካ መዝገብ ጸደቀ። በኮሚቴ ፊት ይነበባል። ዛሬ ከነቀምቴ የሚበልጠኝ የለም።

ጂሬኛ አልሰማም ገና።

ግንቦት 29፤ ዓርብ

አናጢ ቤቱ ሄድኩ። ወረቀቱን አሳየሁት፤ ቀጥዬ ማህደሩን። ሁለቱንም አነበበ። የእርሳሷ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈባት።

«ይቺ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት፣ ኦቦ ጂሬኛ።»

መጋዙን አስቀመጠ። ውጭ ወጥቶ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ዐይኑ ቀልቷል። «ልቆጣሽ እችላለሁ። ብቆጣሽ ደስ ይለኛል። ግን የጠበቀችው እናቴ ናት። ለሷ ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ።»

«በአማርኛ አይደለም። በኦሮምኛ። እያንዳንዱን ቃል እንድትሰማው።»

እሺ አልኩ።

ሰኔ 4፤ ረቡዕ

የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። የክፍሉ ኃላፊ ረቂቁን አይቶ «‹የጽሕፈት ስህተት› ብለሽ ለፊው። ስምሽ ምን ያደርጋል? ለጡረታ ጥቂት ዓመት ነው የቀረሽ፣ በክብር ውጪ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለኔ ብሎ ነው።

ስም የሌለው ስህተት አይታረምም አልኩት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በ1986 ዓ.ም. ይህን ሊብሬ ያዘጋጀሁት እኔ አዜብ ሕሩይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን 1960 በስህተት ስምንት ዓመት ጨምሬ 1968 ብዬዋለሁ፤ ከሻንሲ ቁጥሩም አንድ ዜሮ አስቀርቻለሁ። ባለ ንብረቱ የሰጡት ቃል ከመጀመሪያው ትክክል ነበር።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አላዘዘኝም። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ በኮምፒዩተር አይደለም። በሕይወቴ የጻፍኩት ከሁሉ የሚያምር ደብዳቤ ነው። ይህን ስል አላፍርም።

ለእስክንድር ራሴ ወስጄ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «ለተማሪዎቼ ባነበው ይፈቅዳሉ?» አለኝ።

አንብበው አልኩት።

ሰኔ 8

የጋሩማ ስም ገባ። አራተኛው መስመር ላይ።

ሰኔ 21፤ ቅዳሜ፣ ዲጋ

ላንድሮቨሯን ቀነአ ነዳት፤ አባባ አጠገቡ፣ እኔና ጂሬኛ ከኋላ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣችው። ዝናብ አባርቶ ነበር። ዲጋ ስንገባ አባባ «በዋናው መንገድ» አለው ለቀነአ።

ድንጋዩ ከመገለጡ በፊት አደ ሜቲ ጋ ሄድን። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ። አባባ ከዘራውን ለኔ ሰጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ላነሣው ብል በእጁ ከለከለኝ። ወንዙን ነገራት። ገመዱን፣ ዛፉን፣ ሳጥኑን። እሷ ይህን ሁሉ በወጣትነቷ ሰምታዋለች። ዛሬ ግን እንደ አዲስ ነው ያዳመጠችው።

ከዚያ እኔ ነገርኳት። በኦሮምኛ። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ።

«ሃያ ሦስት።»

«እሱ ሲሄድ እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ነበርኩ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። «አንሺው አባትሽን፤ መሬቱ እርጥብ ነው» አለችኝ። አነሣሁት።

ድንጋዩ ሲገለጥ እስክንድር ስሞቹን አነበበ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጂሬኛ የእናቱን እጅ ይዞ አቀረባት። ማንበብ አትችልም። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አስኬደች። ዞራ ለተሰበሰበው ሰው፣ ጮክ ብላ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አለች፦ «ባሌ ሞቷል። ልትቀመጡልኝ ትችላላችሁ።»

ቤቷ ስትመለስ ሰው ተከተላት። ከምሳ በፊት ድንኳን ተተከለ። ጂሬኛ ወንበር ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ከጎረቤት ሁሉ ወንበር ቀድሞት መጥቷል። ከጉቴ ዘመዶች ደረሱ። ያቺን የአሶሳ ወሬ ሲያወሩ የኖሩትም መጥተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። አደ ሜቲ ስልሳ ሦስት ዓመት ያቆየችውን አለቀሰች። ሴቶቹ ከበቧት፤ እኔም ከዳር ገባሁ። ማንም ውጪ አላለኝም።

አባባ ከወንዶቹ መሀል ነው። ስለዚያ ቀን ይጠይቁታል። ይናገራል። ሁሉም ያዳምጡታል። ከድንኳኑ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ።

ሰኔ 23፤ ሰኞ፣ ቢሮ

ለአጭር ሰዓት ነው የመጣሁት፤ ላንድሮቨሯና አባባ ዲጋ ናቸው። የሐዘን ፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። የሟች ስም፦ ጋሩማ። ከሟች ጋር ያለሽ ዝምድና፦ የአባቴ የሥራ ባልደረባ። ያረፉበት ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 1954። የሐዘኑ ቦታ፦ ዲጋ።

ኃላፊው አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ አዜብ፣ ዘመኑ ላይ ስህተት የለውም?»

«የለውም» አልኩት። «በእኛ አቆጣጠር ነው።»

ፈረመልኝ።